ባለፈረሱ ዱቄትና የባለቤቴ ስም

እኔ በአፌ የማልጠራቸው ነገሮች አሉ። ከወገብ በታች ያለውን የሰው አካል በሙሉ «እግር» ብዬ ነው የምገላገለው። አንድ ጊዜ ሆዴን ከታች በኩል ሲያመኝ ሐኪሙን «እግሬን ነው፤ ከላይ በኩል» ብዬው ጉልበቴን ራጅ ተነሥቼ፣ ጉልበቴ ደህና መሆኑ ተነግሮኝ፣ ሆዴን ይዤ ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ።

እንግዲህ ለዚህች ሴት ነው በጅቡቲ ከተማ ካለው ሥራ ሁሉ ተመርጦ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒት የሚባሉትን ዕፅዋት መመርመር የተሰጣት። ይኸው ጻፍኩት። መጻፍ ይቀላል፤ ወረቀት ቀና ብሎ አያይም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር፤ ልክ ያልሆነ ነገር ያሳክከኛል። የተማርኩት ዘግይቼ ነው። አያቴ በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። በቤታችን ወንዱ ይማራል፣ ሴቷ ሱቅ ትጠብቃለች። እኔም ሱቁን እየጠበቅሁ ዕቃ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሁሉ ሳነብ አደግሁ፤ ሰው ስኳር ገዝቶ ሲሄድ እኔ የማዝነው ግማሹ ወሬ አብሮ ስለሚሄድ ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት ትዳር ከያዝኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያ ቀን ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ አስተማሪዋ መስያቸው ተነሡልኝ። አፍሬ፣ ተቀመጡ ማለት አቅቶኝ፣ አስተማሪው እስኪመጣ ሁላችንም ቆመን ቆየን።

በጊዜው የተማረ ሰው ደንቡን አውቆ ይረሳዋል። ዘግይቶ የተማረ ግን ደንቡን ያገባዋል። እኔ በሥራ ቦታዬ የታወቅሁት በዚህ ነው። የምሠራበት ላቦራቶሪ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ከሚባለው ሰፈር ብዙ አይርቅም፤ ወደ ገበያ የሚገባ ምግብና መድኃኒት ይመረመርበታል። አለቃችን ዶክተር ሁሴን የጅቡቲ ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ የተማረ ነው። ደስ ሲለው አማርኛ ይናገራል፤ ሲናደድ ወደ ፈረንሳይኛ ይዞራል።

አንድ ቀን ጠዋት በአማርኛ ጠራኝ። «ማዳም፣ ባለፈረሱ የሚባለውን ዱቄት ታውቂዋለሽ?»

አውቀዋለሁ። ማሸጊያው ላይ የፊት እግሮቹን ያነሣ ፈረስ አለበት። ምን እንደሚሠራ ግን ፈረሱ ይናገራል እንጂ እኔ አልናገርም። ዱቄቱ ከበረሃ ሥራ ሥር ብቻ የተዘጋጀ ነው ይባላል። ሰሞኑን ግን ከሐኪም ቤቶች ወሬ መጥቷል፤ የወሰዱት ወንዶች አንዳንዶቹ ፊታቸው እየቀላ፣ ልባቸው በኃይል እየመታ ይመጣሉ። ስለዚህ ይመርመር ተባለ። ለዚህ ደግሞ ናሙናው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተሂዶ መገዛት አለበት። ሻጭ ላቦራቶሪ መሆናችንን ካወቀ ለእኛ የሚያቀርበው ሌላ፣ ለሰው የሚሸጠው ሌላ ይሆናል።

«ወንዶቹ አይሻሉም?» አልኩት ዶክተሩን።

«ጠየቅኋቸው። አንዱ፣ ዱቄቱ በሚሸጥበት በካርቲየ 4 ገበያ አጎቴ ይኖራል አለ። አንዱ ሊያገባ ነው። ሦስተኛው ጥያቄውን ሳልጨርስ ወጥቷል፤ አልተመለሰም።» መነጽሩን አወለቀ። «አንቺን ማዳም፣ ማንም አይጠረጥርሽም።»

ሙገሳ መስሎኝ እሺ አልኩ። ሙገሳ ይሁን ስድብ እስከ ዛሬ አልለየሁም።

ካርቲየ 4 የሄድኩት ዝግጅቴን አጠናቅቄ ነው። በአልኮል የታጠበ ማንኪያ፣ ምልክት የተደረገባቸው ከረጢቶች፣ የጥጥ ጓንት። ሙቀቱ ሰውን ከነልብሱ በሚቀቅልበት ወር ጓንት ያደረገች ሴት ማንም አይጠረጥርም ብዬ ነበር። የመጀመሪያዋ ሻጭ ሩቂያ ትባላለች፤ ድሬ ያደገች፣ አማርኛዋ የድሬ የሆነ፣ በሥራ ሥር ክምር መካከል እንደ ንግሥት የተቀመጠች ሴት።

«ባለፈረሱን ይስጡኝ፣ እባክዎ» አልኳት፣ ዐይኔን ዝንጅብሉ ላይ ተክዬ።

«ፈረሱ በዚህ በኩል ነው አቦ፤ እዚያ ዝንጅብል ነው ያለው። ለማን ነው?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ደንቡ እንዴት እንደሚገዛ እንጂ ለማን እንደሚገዛ አይናገርም። «ለአንድ ሰው» አልኩ።

«ለአንድ ሰው መሆኑንማ አላጣሁትም፤ ለሰፈር አይገዛ። ልኩ በሰውየው ነው። ዕድሜው?»

እዚህ ላይ ነው የተማርኩት ትምህርት ጉድ የሠራኝ። ሌላ ሴት ብትሆን አፏ ላይ የመጣውን ትናገርና ትገላገል ነበር። እኔ ግን ውሸትም ቢሆን ልኩ የተጠበቀ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ። ዕድሜውን፣ ክብደቱንና ሥራውን ጠንቅቄ የማውቀው ወንድ ደግሞ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቴ አሰፋ። ዕድሜውን ነገርኳት።

«ክብደቱስ?»

«ከምሳ በፊት ነው ከምሳ በኋላ?»

ሩቂያ ትንሽ አየችኝ። «ሥራው ምንድነው?»

«ሹፌር ነው። ተሳቢ ነው የሚነዳው።»

ጭኗን መታች። «በቃ፣ ነገርሽኝ። እኒህ ሰዎች እኮ ሞተር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። እዚያ ላይ እንቁላል ቢያስቀምጡ አይበስልም?»

ስለ ሙቀትና ስለ እንቁላል የተናገረችው በሳይንስ በኩል ስሕተት የለበትም። ወደ ደንቡ ተመለስኩ። «ሁለት እሽግ ያድርጉልኝ። አንዱ ይቀመጣል።»

«ለመጠባበቂያ።»

«አዎን። ደግሞ ከሌላ ካርቶን ይጨምሩልኝ፤ ልዩነት ይኖረው እንደሆነ እንድናይ።»

ሩቂያ እጇን ዘርግታ እጄን ከነጓንቱ ያዘችኝ። ዐይኗ ውስጥ እውነተኛ ኀዘን ነበር። ከካርቶኑም፣ ከጎኑ ካለውም፣ ከኋላ ካለውም አውጥታ ጠቀለለችልኝ፤ መርቃ ሸኘችኝ።

ደንቡ ከአንድ ሻጭ ብቻ አይበቃም ይላል። ስለዚህ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄድኩ። ከዚያም ወደሚቀጥለው። በየሱቁ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ እኔም ያንኑ መለስኩ፤ መልሴ ቢለያይ ሥራዬ የተበላሸ መስሎኝ። አሰፋ በዚያን ሰዓት ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቀ ነበር። ዕድሜው፣ ክብደቱና ሥራው ከሱቅ ሱቅ ሲዞር አላወቀም።

ከመጨረሻው ሱቅ ስወጣ ከብርቄ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨን። ብርቄ ፒኬ 12 ላይ፣ ከባድ መኪኖቹ ከሚቆሙበት አጠገብ፣ ምግብ ቤት አላት። ሽንኩርት ልትገዛ ነው የመጣችው። ከረጢቴ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፈረሶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው አዩዋት።

«ምነው እታለም፣ ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው።»

ፈረሶቹን ተመለከተች። እኔን ተመለከተች። ሱቁን ተመለከተች። «አይዞሽ» አለችኝ፣ ትከሻዬን እየዳበሰች። «ከእኔ አፍ አንድ ቃል አይወጣም።»

ብርቄ ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት። አንድ ቃል አላወጣችም። ብዙ ነው ያወጣችው።

«ለሥራ ነው» ማለት አልችልም ነበር? እችል ነበር። ነገር ግን ናሙናው ተመርምሮ እስኪያልቅ ለማንም አይነገርም የሚል ደንብ አለ። ባል የሚጎዳ ከሆነ ይነገራል የሚል ማሻሻያ ፈልጌ አላገኘሁበትም። ለአሰፋም አልነገርኩትም። ጭነቱን ጭኖ፣ ጉንጬን ስሞ፣ ወደ ሞጆ ሄደ፤ ከኋላው ምን ተጭኖ እንደሚከተለው ሳያውቅ።

የጅቡቲ መንገድ ኮንቴይነርና ማዳበሪያ የሚያመላልስ የሚመስለው ሰው የዋህ ነው። ዋናው ጭነት ወሬ ነው። አይመዘንም፣ አይፈተሽም፣ ጎማ አይፈነዳበትም። ብርቄ ቤት ምሳ ላይ የተነገረ ነገር ማግስቱን አዋሽ ቁርስ ይበላል።

እኔ ዘንድ ደግሞ በእግሩ ነው የመጣው። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ሲስሙኝ ከወትሮው ረዘም አድርገው ያዙኝ። አንዷ በጆሮዬ ስለ አብሽና ስለ ነጭ ሽንኩርት ረጅም ነገር ነገረችኝ፤ ቅዳሴው ውስጥ ስለነበርን አሜን እያልኩ ሰማኋት። በሰፈራችን በዋራበሌ ያለችው ሶማሌ ጎረቤቴ፣ በዓመት አንዴ ሰላምታ የምንለዋወጥ፣ የግመል ወተት በዕቃ አድርጋ በሬን አንኳኳች። «ለእሱ» አለችኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ወተቱን እኔ ጠጣሁት። ለእኔ ምንም አላደረገልኝም።

አሰፋ የደወለው ሲመለስ ነው፤ ከሎግያ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። ሰውየው ሲናደድ የሚጮህ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«እኔማ አዋሽ እስክደርስ ደህና ነበርኩ። አዋሽ ላይ ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ የፍየል ቅልጥም አበላኝና ሂሳብ አልቀበልም አለ። 'ጋሽ አሰፋ፣ ብቻ ይበርቱ' አለኝ። ሚሌ ሚዛን ላይ ያለው ደግሞ 'አይዞህ፣ በማንም ላይ የሚደርስ ነው' አለኝ። እኔ ጎማ የተነፈሰ መስሎኝ ወርጄ መኪናውን ዞርኩት።»

«አሴ...»

«አልተቆጣሁም። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር የጎደለ ነገር ካለ ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ካርቲየ 4 ከመሄድሽ በፊት?»

«የሥራ ጉዳይ ነው» አልኩ። ከዚህ በላይ መሄድ አልቻልኩም፤ ደንቡ አፌን ይዞት ነበር።

«የሥራ ጉዳይ መሆኔን አላውቅም ነበር» አለኝ። ከዚያም፣ «እዚህ ያሉ ሹፌር ልጆች ባለፈረሱን ሰጥተውኛል። እንግዲህ አንቺ ካልሽ...» አለና ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ዝግ ነው። ከዚያ ወዲያ በረሃው ነው፤ በረሃው ላይ ደግሞ ስልክ ጌጥ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ናሙናዎቹን ሠራኋቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ከዱቄቱ ቆንጥረን በአልኮል እናሟሟለን፤ ጠብታውን ነጭ ነገር በተቀባ መስታወት ግርጌ ላይ እናሳርፋለን። ከጎኑ ደግሞ ፋርማሲ በሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጠው፣ ለዚያው ለ... እግር ከሚሆነው የፋብሪካ ኪኒን ሌላ ጠብታ እናደርጋለን። መስታወቱን ፈሳሽ ውስጥ ስናቆመው ጠብታዎቹ እንደ ሯጭ ሽቅብ ይወጣሉ። አንድ ዓይነት የሆኑት አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ። መብራት አጥፍተን በልዩ መብራት ስናያቸው ይታያሉ።

አየሁ። ባለፈረሱና የፋብሪካው ኪኒን ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። ፈረሱን የሚያስሮጠው የበረሃው ሥር አልነበረም። ደገምኩት። በሌላ ዘዴም አየሁት። መስታወቱን ቀየርኩና እንደገና ደገምኩት።

«ማዳም፣ ስንት ጊዜ ትደግሚዋለሽ?» አለ ዶክተር ሁሴን። «ግልጽ ነው እኮ። ልኩ ያልታወቀ የፋብሪካ መድኃኒት ቀላቅለውበታል። ለጤነኛው እንኳ አደጋ ነው። ደረቱን ታሞ ከምላሱ ሥር የምትቀመጠዋን ኪኒን የሚወስድ ሰው ካገኘውማ የደም ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፤ እንዲያ ሆኖ የሞተ አለ።»

ዶክተሩ ስለ በሽተኞች በጠቅላላው ነበር የሚያወራው። እኔ የሰማሁት ስለ አንድ ሰው ነው። አሰፋ ያቺን ኪኒን በቡናማ ብልቃጥ አድርጎ ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው የሚሄደው። ይህን የምናውቀው እኔ፣ እሱና ሐኪሙ ብቻ ነን። ልቡ የታመመ ሹፌር መኪናውን ይቀማል፤ መኪናውን የተቀማ ሹፌር ደግሞ፣ አሰፋ እንደሚለው፣ ከነመቀመጫው የተጣለ ሰው ነው።

ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ጋውኔን ሳላወልቅ ታክሲ ይዤ ፒኬ 12 ሄድኩ።

ብርቄ ቤት ሹፌሮቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ስገባ ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ጥግ ላይ ደግሞ አሰፋ የሚነዳው መኪና ባለቤት ወንድም፣ ጋሽ ታደለ፣ ጥብስ አስቀርቦ ተቀምጧል፤ መኪኖቹን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ደረጀን አገኘሁት፤ ከአሰፋ ጋር ዘመናት አንድ መንገድ የሠራ ሹፌር ነው፤ በልቶ ሊነሣ ቁልፉን ይዟል።

«ደረጀ፣ አሰፋን መንገድ ላይ ታገኘዋለህ?»

«እሱ ሲወርድ እኔ ስወጣ የት ይሄዳል? ጋላፊ ድንበር ሳልደርስ አገኘዋለሁ፣ እትዬ።»

«ባለፈረሱን ዱቄት እንዳይወስድ ንገረው። ጭራሽ እንዳይነካው። ከአንተ በፊት የደረሰ ሰው ካለም ይንገረው። ለሁሉም ደውልላቸው።»

ቴሌቪዥኑ እንኳ የቀነሰ መሰለኝ። ደረጀ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሺ እትዬ። ምክንያቱ ምንድነው ልበለው?»

ሁሉም ምክንያቱን ይጠብቃል። ጋሽ ታደለ ቢላዋውን አስቀምጦ ያየኛል። ልቡ ብል መኪናው ይሄዳል። ላቦራቶሪ ብል ደንቡ ይሄዳል፤ ደንቡንስ በዚያች ሰዓት እሸጠው ነበር፤ ግን ማስረዳት ብጀምር መጨረሻው ልቡ ላይ ነው የሚያደርሰኝ።

«ምክንያቱን...» አልኩ፣ ፊቴ እየነደደ፣ «እኔና እሱ እናውቀዋለን።»

ደረጀ መሬት መሬት አየ። «ገባኝ» አለ በጣም በትሕትና።

ምን እንደገባው አልጠየቅሁትም። ማሸጊያ ላይ አንዲት ነጥብ ብትጎድል ዕቃ የምመልስ ሴት፣ የባሌን ሕይወት የያዘ መልእክት ያለ ማብራሪያ ላክሁ። ለሰው ምክንያት ካልሰጡት ከራሱ ጓዳ አውጥቶ ያስገባበታል።

ያንን ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልናገርም። መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ገጹን አላገላበጥኩትም። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በራችን ላይ ጥሩምባ ተነፋ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፤ እንደ ሙሽራ መኪና ነው የነፋው። ስወጣ አሰፋ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። እሱ እኮ ሁልጊዜ እያቃሰተ ነው የሚወርደው። ጢሙን ተላጭቷል። ጥቁር መነጽር አድርጓል።

«ወሰድከው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«አሰፋ፣ ወሰድከው ወይ?»

ድምፄን ሲሰማ መነጽሩን አወለቀ። «አልወሰድኩትም። ዲቾቶ ላይ ሻይ ይዤ፣ ዱቄቱን ማንኪያ ላይ አድርጌ፣ እንግዲህ ካለች ብዬ ላደርገው ስል፣ የማላውቀው ሹፌር መኪናውን ፊቴ አቆመና መስኮቱን ዝቅ አደረገ። 'ጋሽ አሰፋ አንተ ነህ?' አለኝ። 'ሚስትህ ያለፈው ይበቃናል፣ በእግዚአብሔር እንዳትደግም ብላ እያለቀሰች ለምናለች' አለኝ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበልኝ።»

እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ነው፤ አሁን እውነተኛውን እግሬን ነው የምለው።

ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት፤ መስታወቱን፣ ጠብታውን፣ ደንቡን፣ ሩቂያን። «እንግዲያው» አለ በመጨረሻ፣ «አንቺ ቅሬታ የለሽም ማለት ነው?»

«የለኝም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

«ይህችን ደግሞ ካርቲየ 4 ሄደሽ ብትናገሪያት ምን አለበት?» አለና ሳቀ። «ባይሆንም ግድ የለም። ጋላፊ ላይ ምን እንዳደረጉኝ ታውቂያለሽ? ወረፋ አሳለፉኝ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ዝም፣ እሱም ኩሩ ሆነን በኖርን። ግን አላለቀም። በማግስቱ ደረጀ ከመንገድ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጋሽ አሰፋ የወሰደው ከየትኛው ካርቶን ነው?» በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስለ ናሙና ካርቶን የጠየቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሩቂያ ጋ ብሄድ ሰልፍ ነው። ባለፈረሱ አልቋል፤ ሌላ እየመጣ ነው። እንዳይወሰድ ብዬ የላክሁት መልእክት፣ በዚያ መንገድ ላይ ያልተሰማ ዓይነት ማስታወቂያ ሆኗል።

ለዶክተር ሁሴን ነገርኩት። «ውጤቱን ለሚኒስቴር ልኬዋለሁ፤ ማስጠንቀቂያ ይወጣል» አለኝ። «የሚወጣው ግን በፈረንሳይኛና በዐረብኛ ነው። ሹፌሮቹ ጋ የሚደርሰው መቼ ነው? ለሻጯም፣ ለሹፌሮቹም ንገሪያቸው፤ አደጋ ሲሆን አፍ አይዘጋም።» ከዚያ ደግሞ በፈረንሳይኛ ቀጠለ፤ እሱን ለእኔ ነው ያለው።

ማታ፣ እራት ስናነሣ፣ ለአሰፋ ነገርኩት። «ብናገር፣ አንተ ደግሞ...»

«ወደ ፍየል ቅልጥሙ እመለሳለሁ» አለ። ሳህኑን ሲያጥብ ቆየ። በቤታችን ሳህን የሚያጥበው ሲጨንቀው ብቻ ነው። «ደረጀም ገዝቷል?» አለኝ ፊቱን ሳያዞር።

«ገዝቷል። ሲመለስ ሊወስደው ነው።»

«እንግዲያው አብሬሽ እሄዳለሁ» አለኝ።

ብርቄ ቤት የደረስነው ደረጀ የተመለሰ ቀን፣ በምሳ ሰዓት ነው። አሰፋ ሲገባ ተነሥተው ተቀበሉት፤ ቦታ የለቀቀለት ሁሉ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። እኔ መካከል ላይ ቆምኩ። በሕይወቴ ከሰው መካከል ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ስለዚህ እንደ መጽሐፍ ጀመርኩት።

«በዱቄቱ ውስጥ፣ በማሸጊያው ላይ ያልተገለጸ ንጥረ ነገር መኖሩ በምርመራ ተረጋግጧል።»

«ማለት?» አለ አንዱ።

«የፋርማሲ መድኃኒት ተቀላቅሎበታል።»

«ታዲያ ይሻላላ፤ የባህሉንም የፋርማሲውንም ባንድ ጉርሻ።»

ሳቁ። ደረጀ እጁን አነሣ። «እትዬ፣ አንቺ በቃኝ ብትዪ መብትሽ ነው። ለእኛ ቤት ግን ገና አልበቃም።»

ብርቄ እንኳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ስሟት እንጂ» አለች ከውስጥ ሆና፣ እየሳቀች።

እኔ ስለ ልብ፣ ስለ ግፊት፣ መስታወቱ ላይ ስላለው ጠብታ እናገራለሁ፤ እነሱ አሰፋን ያያሉ። እኔ ማስረጃ አለኝ፤ እነሱ ደግሞ አሰፋ አላቸው፤ ተላጭቶ፣ ወዝቶ፣ ፊታቸው የተቀመጠ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?

አሰፋ ተነሣ። ከደረት ኪሱ ቡናማዋን ብልቃጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ በጨውና በሚጥሚጣው መካከል አቆማት።

«ይህችን ደረቴ ሲጨመድደኝ ከምላሴ ሥር አደርጋታለሁ» አለ። «ልቤን ነው የሚያመኝ። ቆይቷል። ዱቄቱን አልነካሁትም፤ ነክቼው ቢሆን ዲቾቶ ላይ ነበር የምታነሱኝ። እንዳትደግም ብላ የላከችብኝ በቅቷት አይደለም። እንዳልሞትባት ነው።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ታደለ ዞረ። ጋሽ ታደለ ብልቃጧን ሲያይ ቆየ፤ እጁ ላይ ያለውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። እጁን በሶፍት ጠረገና ወደ ኪሱ ሰደደው። የተጣጠፈ፣ ግማሹ ያለቀ የኪኒን ማሸጊያ አውጥቶ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ይቺስ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከፈረሱ ጋር... ትጣላለች?»

መነጽሬን አደረግሁ። የግፊት ነው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለሐኪምዎ ይንገሩት። ፈረሱን ግን አይንኩት» አልኩት።

ከዚያ ደረጀ። ከሱሪው የኋላ ኪስ፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጋር አጣብቆ የያዘውን አወጣ። «የስኳር ነው» አለ፤ ማንንም ሳያይ። ከበሩ አጠገብ ያለው ከካልሲው ውስጥ አወጣ። አንዱ ከመሪው ሥር ነው ያለችኝ ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። ብርቄም ከጓዳ መጥታ ከመቀነቷ የፈታችውን ይዛ ተሰለፈች። እኔ በጥብስና በሽሮ መካከል ተቀምጬ፣ ጥቃቅኑን ጽሑፍ በመስኮቱ ብርሃን እያነበብኩ፣ አንዱን ለሐኪም፣ ሌላውንም ለሐኪም እላለሁ። ከእነሱ ውስጥ ሁለቱ የያዙት ልክ የአሰፋን የመሰለ ብልቃጥ ነበር። ሁለቱም ባለፈረሱን ገዝተዋል። እነዚህን ማንም አላዘዛቸውም፤ እሽጎቹን አምጥተው ራሳቸው ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ።

ሩቂያም ነገሩን ስንነግራት ካርቶኖቿን በሙሉ አውርዳ አስረከበችን። ዱቄቱን ተፈጭቶ፣ ታሽጎ ነው የምትቀበለው፤ እሷንም ያታለላት አለ። የአሰፋን መኪና ጋሽ ታደለ አልቀማውም። አሰፋ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ወደብ ላይ ጭነት ተቆጣጣሪ ሆነ፤ በየማታው ቤት መግባቱን ግን እኔም ገና አልለመድኩትም፤ መጽሐፍ ሳነብ ጎኔ ተቀምጦ ቀጣዩን ገጽ ቀድሞ ይገልጥብኛል።

ባለፈረሱ ልብ ያቆማል የሚለው ወሬ በዚያው ሳምንት ሞጆ ገባ። የማን ልብ የሚለው ግን ከብርቄ ቤት አልወጣም።